«ምን እያነበብሽ ነው?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ 30 ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ጉዳዬ ተራ ነገር ሊመስልዎት ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ እየነሳኝ ነው።

መጽሐፍ የምንወድ ጓደኛሞች በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተራ እየገባን ቡና እያፈላን እንገናኛለን። ሰባት ነን። መምህራን አሉበት፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለች። ደንባችን አንድ ነው፤ አቦሉ ሲቀዳ እያንዳንዳችን አሁን የያዝነውን መጽሐፍ እንናገራለን። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። አሁን አሁን ግን ቅዳሜ ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል።

እኔ ዘገምተኛ አንባቢ ነኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ከሥራ ገብቼ፣ እራት ቀማምሼ፣ አምስት ስድስት ገጽ እንዳነበብኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሌሎቹ በመጡ ቁጥር አዲስ ስም ይዘው ይመጣሉ፤ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ የትርጉም ሥራ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ብዙ ጊዜ የማነበው ከመንገድ ዳር የምገዛቸውን የፍቅርና የወንጀል ልብ ወለዶች ነው። ስለማፍር ሌላ ስም መጥራት ጀመርኩ። የጀርባ ሽፋኑን ብቻ ያየሁትን መጽሐፍ «እሱን ይዣለሁ» እላለሁ። ባለፈው ደግሞ የባሰው መጣ። ወሬው ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዞረና ሁሉም ስንት ጊዜ እንዳነበቡት ሲናገሩ እኔም «ሁለት ጊዜ» ብዬ አረፍኩት። ጋሼ፣ አንድም ጊዜ አልጨረስኩትም! ግማሽ ላይ ከተውኩት ዓመታት አልፈዋል። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ አድጎ ይህ እንዴት ይነገራል? የሚቀጥለው ቡና የእኔ ተራ ነው፤ «ሁለቴ ካነበብሽውማ ስለ እሱ የምታጫውችን አንቺ ነሽ» ብለው ፈርደውብኛል።

ሌላም አለ። ከመካከላችን አንድ መምህር የመጽሐፍ መጨረሻ ካልተናገረ አይሆንለትም። ገና የጀመርኩትን ስናገር «አዎ፣ እሷማ በስተመጨረሻ እኮ…» ብሎ ይጨርስልኛል። ያዋስኳቸው ሁለት መጻሕፍትም ይኸው አልተመለሱም፤ እንዳልጠይቅ ጓደኞቼ ናቸው።

ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ነን። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ሳነብ አጠገቤ ጥጥ እየፈተለች «ምን ይላል?» ትለኛለች፤ ደክሞኝ ስለሚሆን «ምንም» እላታለሁ። እንግዲህ ስለ መጽሐፍ የማወራው ሰው ያለኝ እነዚያ ጓደኞቼ ብቻ ናቸው፤ እንዳላጣቸው ምን ላድርግ? እውነቱን ልናገር? ቶሎ አንብቤ ልድረስ? ወይስ ቀስ ብዬ ከማኅበሩ ልውጣ?

የቅዳሜ ፈሪዋ

*

አንቺ የቅዳሜ ፈሪ፤

ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ የመካከለኛውን አስቀድሜ ልዝጋው። ቶሎ አንብበሽ ለመድረስ እንዳትሞክሪ። ሒሳቡ ራሱ አያዋጣሽም። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ግማሹ ከቀረሽ ወደ 250 ገጽ ይጠብቅሻል ማለት ነው። በየማታው ስድስት ገጽ፣ አንድም ቀን ሳታስታጉዪ ብትሄጂ እንኳ በሁለት ሳምንት 84 ገጽ ነው። እንቅልፌን ሠውቼ ልጨርሰው ብትዪ ደግሞ በማግስቱ መድኃኒት ቤት ቆመሽ የሰው ክኒን ስትቆጥሪ ዓይንሽ ሊከደን ነው። ያን ጊዜ የሚደርሰው ጥፋት የእኔ ዓምድ የሚመክርበት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማኅበራችሁ ውስጥ የሆነው ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ሰባት ሰው አቦሉ እስኪዳረስ ድረስ በተራ በተራ የመጽሐፍ ስም ይጠራል። ስም ሲጠራ የሚሰማው ሰው ምን ይመልሳል? «አዎ፣ ሰምቼዋለሁ» ይላል፤ ወይም «እሱማ ግሩም ነው» ይላል፤ ወይም ራሱን ይነቀንቃል። ጨዋታው እዚያው ላይ ይሞታል። ጨዋታ በሌለበት ደግሞ የሚቀረው ፉክክር ነው። ባለፈው አንዱ ታሪክ ይዞ ከመጣ፣ ቀጥሎ ሌላው ፍልስፍና ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ስንት ጊዜ እንዳነበበ መቁጠር ይጀመራል። አንቺ «ሁለት ጊዜ» ያልሽው እዚህ ላይ ደርሰሽ ነው። ደግሞ ከሰባታችሁ የዋሸሽው አንቺ ብቻ ነሽ ብዬ አላምንም። (በግሌ «እኔ ከፍልስፍና ሌላ አላነብም» የሚለኝን ሰው ስሰማ ወዲያው አልጋው ራስጌ ምን እንዳለ ማየት ያምረኛል።)

የጠየቁሽ የያዝሽውን ነው። የጨረስሽውን፣ ወይም ብትይዢ የሚያስከብርሽን የጠየቀሽ የለም። ስለዚህ መልስሽ ከስሙ ይልቅ ያለሽበትን ገጽ ይጥራ። ለምሳሌ ያንን የምታፍሪበትን የወንጀል ልብ ወለድ ይዘሽ እንዲህ በያቸው እስቲ፦ «ከመንገድ ዳር የገዛሁትን ነው የያዝኩት፤ ገጽ 112 ላይ ነኝ። የሞተው ነጋዴ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ወንድሙን ነው። እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት ዘበኛው ላይ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ባደረበት ሌሊት ጋቢው ደረቅ ነበር ተብሎ አንድ ቦታ ላይ ተጽፏል።» ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ተመልከቺ። የባንኩ ልጅ «ታዲያ ቤት ውስጥ አድሮ ቢሆንስ?» ይላል። ተማሪዋ «ማን ከፈተለት?» ትላለች። ማንም መጽሐፉን አላነበበውም፤ ሁሉም ግን ገብተውበታል። ያ ስሙ ከባድ የሆነ መጽሐፍ በስሙ ብቻ ቢጠራ ይህን አያመጣም።

መጽሐፉን ራሱን ይዘሽ ሂጂ፤ የእጅ ስልክሽ ውስጥ ያለውን የሽፋን ፎቶ ማሳየት ይቅርብሽ። ምልክት ያደረግሽበትን ገጽ ገልጠሽ ከአንድ አንቀጽ ያልበለጠ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፤ የገረመሽን ወይም ያልገባሽን አንድ ነገር በያቸውና አቁሚ። ካልጣመሽም አልጣመኝም በያቸው፤ የት ላይ እንደሰለቸሽ ግን አሳያቸው። «አሰልቺ ነው» ብሎ ማለፍ ለሰሚው ምንም አይሰጠውም። «ከገጽ 40 እስከ 60 አንድ ሰው ብቻውን ሲያስብ ነው፤ ደከመኝ» ስትዪ ግን አንዱ «እኔ የወደድኩት እሱን ቦታ ነው» ብሎ ይነሣብሻል። ጨዋታ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራ በይው ጎንጅ፣ ዲማ በይው ደብረ ኤልያስ፣ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ዘመድሽ ውስጥ አይጠፋምና ጠይቂው። ተማሪው ቀን ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ከዚያ ያንኑ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ (ስንኙ) ቢሰበርበት፣ ምሥጢሩ ቢጠምበት መምህሩ ያቃናለታል፤ ባልንጀሮቹም ይሰማሉ። ጀማሪው ይዞ የሚቀርበው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው ደግሞ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ደርሷል። ጉባኤ ቃና የያዘው ልጅ መወድስ የያዝኩ ነኝ ብሎ አይዋሽም፤ ቢዋሽም «እስቲ ንገር» ሲባል ያልቅለታል። ያለበትን ይዞ ይቀርባል፤ ከዚያ ረዘም ወዳሉት ቅኔዎች፣ ወደ ዋዜማው ወደ ሥላሴው ከፍ ይላል። አንቺ የማታውቂው ነገር ቢሆን ባልነገርኩሽ፤ ግማሽ ላይ የተውሽው መጽሐፍ ውስጥ ያለው በዛብህ ራሱ እንዲህ እየነገረ ያደገ ነው።

ወደ እሱ መጽሐፍ እንምጣ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ናቸው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩም ከማንኩሳ ተነሥቶ በዲማና በደብረ ማርቆስ ያልፋል። ስለዚህ እናንተ ዘንድ አለማንበብ እንደ ነውር መቆጠሩ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ «አነበብኩት» ከሚለው ሰው ስንቱ ነው በዓይኑ ያነበበው? ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ስንት ቤት ነው በጆሮው የጠጣው! እስከ ዛሬ የፊታውራሪ መሸሻን ንግግር በወጋየሁ ድምፅ ካልሆነ የማይሰማ ሰው አለ። ያ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አንቺን የሚጠቅም ነገር ነው። በተከታታይ በሬዲዮ የሰማ ሰው ሁሉ ለብዙ ጊዜ ግማሽ ላይ የነበረ ሰው ነው። የዛሬው ክፍል ሲያልቅ መጨረሻውን አያውቅም፤ ቢሆንም ስለ ሰብለ ያወራል፣ በጉዱ ካሳ ይስቃል፣ በፊታውራሪው ይናደዳል። ግማሽ ላይ ሆኖ ማውራት ይቻላል ማለቴ ነው። አንቺ የከለከለሽ «ሁለት ጊዜ» ያልሽው ቃል ብቻ ነው።

እሱን አንሺው። እንዴት አድርጌ ትዪ ይሆናል። ቡናው ገና እየተቆላ፣ ሰው ሳይሟላ በፊት አይሁን፤ ዘግይቶ የሚመጣው ከሌላ ሰው ይሰማዋል። ሁሉም ተቀምጠው፣ አቦሉን ቀድተሽ ስታበቂ በይው፦ «ባለፈው ሁለቴ አንብቤዋለሁ ያልኳችሁ አፌ አዳልጦኝ ነው፤ ግማሽ ላይ ትቼዋለሁ። ዛሬ የቆምኩበትን አሳያችኋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዳችሁም እንዳትነግሩኝ።» ይኸው ነው። አታልቅሺ፣ ይቅርታ አታብዢ፣ ስለ ድካምሽም ስለ ሥራሽም አታውሪ። ሊስቁብሽ ይችላሉ፤ ይሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ያን ቀን ወይም በሌላ ቀን ለብቻሽ ጠጋ ብሎ «እኔም እኮ…» ቢልሽ አይግረምሽ። ሌሎቹን፣ የጀርባ ሽፋናቸውን ብቻ አይተሽ የጠራሻቸውን መጻሕፍት ግን አንድ በአንድ እያነሣሽ መናዘዝ አያስፈልግሽም። ማንም አያስታውሳቸውም፤ ዳግመኛ አለመጥራት ይበቃል።

«የቆምኩበትን አሳያችኋለሁ» ስትዪ ደግሞ ለምን እንደቆምሽ አስቢበት። ደብዳቤሽ አይናገርም፤ እኔ ግን እገምታለሁ። ያ መጽሐፍ የፍቅር ታሪኩን እያቋረጠ ስለ ግብር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ባላባትና ገበሬ፣ ስለ ሽምግልና፣ ስለ ስለት ይናገራል፤ ሰብለና በዛብህ ምን ሆኑ ብሎ የሚሮጥ አንባቢ እዚህ ላይ ይደክመዋል። አንቺ ደግሞ ከሥራ መጥተሽ፣ ስድስት ገጽ ላይ እንቅልፍ የሚጥልሽ ሰው ነሽ።

እዚህ ላይ ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። «ስለ መጽሐፍ የማወራው ሰው ያለኝ እነዚያ ጓደኞቼ ብቻ ናቸው» ትያለሽ። ከእሱ ከፍ ብሎ ግን አንድ ሰው በየማታው አጠገብሽ ተቀምጦ፣ እንዝርቱን እያሾረ፣ «ምን ይላል?» እያለ ይጠይቅሻል። ቅዳሜ የሚያስፈራሽ ጥያቄ እኮ ይኸው ነው! ልዩነቱ እናትሽ ሲጠይቁሽ ስሙን ሰምተው ሊያከብሩሽ ወይም ሊንቁሽ አለመሆኑ ነው። የፈለጉት የሚለውን መስማት ነው። «ምንም» ነው መልስሽ።

ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዢ ብትዪኝ ይህን ያዢ እልሻለሁ። ዛሬ ማታ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪና ለእናትሽ አንብቢላቸው። ለአሥር ደቂቃ ያህል ይሁን። እንደ ወጋየሁ አንብቢ አላልኩሽም፤ እንደምታወሪው አንብቢ። ቃል ቢያስቸግርሽ ቆም በይና እሳቸውን ጠይቂ።

ለምን እሳቸውን? እስቲ የሚያውቁትን ቁጠሪ። በዛብህ በልጅነቱ ለእግዚአብሔር የተሰጠ የስለት ልጅ ነው፤ የታሪኩ ሁሉ መከራ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። አንቺ «ስለት» ሲል ዝም ብለሽ ታልፊዋለሽ፤ እናትሽ ግን ልጇን የተሳለች ጎረቤት ሳያውቁ አይቀሩም፣ ስለት ማፍረስ ምን እንደሚያስፈራም ያውቃሉ። የፊታውራሪና የገበሬዎቹ ጉዳይም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ አምፆ ነበር፤ በየካቲት 1967 ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ዕድሜያቸውን አልጻፍሽልኝም፤ ከ60 ዓመት ያለፉ ከሆነ ግን አንዱን ከወላጆቻቸው ሰምተውታል፣ ሌላውን በልጅነታቸው ዓይን አይተውት ሊሆን ይችላል። አባታቸው ርስት ነበራቸው? ለማን ምን ያህል ይሰጡ ነበር? ከአዋጁ በኋላ መሬቱ ሲደለደል ቤታቸው ምን ተባለ? ይህን የሚመልስልሽ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አታገኚም።

እንደሚሆን የማስበውን ልንገርሽ። ሁለት ገጽ ሳትሄጂ «ቆይ እስቲ» ይሉሻል። እንዝርቱ ይቆማል። «እንዲህማ አይደለም፤ በእኛ አገር ሙሽራ ሲወጣ…» ብለው የራሳቸውን ይጀምራሉ። አታቋርጫቸው፤ ገጹ የትም አይሄድብሽም። አንዳንድ ማታ አንድ ገጽ ብቻ አንብባችሁ ትተኛላችሁ፤ ይሁን። አንዳንድ ማታ ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ተረኛዋ እሳቸው ናቸው። ደክሞሽ የምትተኚበት ማታም ይኖራል፤ ያን ቀን ግን «ምንም» ከምትዪ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ» በያቸው።

ሊሰለቻቸውም ይችላል። እናቶች ሁሉ ልብ ወለድ ይወዳሉ የሚል ሕግ የለም። «ይሄ ሰውዬ ነገር አበዛ» ካሉሽ ያቺን የወንጀል መጽሐፍ አምጪላቸው፤ ዘበኛው ስለመሆኑ አለመሆኑ ከአንቺ ቀድመው ይፈርዱ ይሆናል።

እንግዲህ ለቅዳሜው ቡና ይዘሽ የምትቀርቢው ይኸው ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ላይ መቆምሽን ከተናገርሽ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ከእናትሽ ጋር እንደገና እንደጀመርሽ ንገሪያቸው፤ አንዱን ቦታ አንብቢላቸውና እሳቸው ምን እንዳሉ አስከትዪ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡናው በአንቺ ቤት ነው፤ እናትሽ እዚያው ናቸው። ጓዳ አትደብቂያቸው። ቁርሱን ብቻ አቅርበው የሚመለሱ እንግዳ አታድርጊያቸው፤ ከፈለጉ ይቀመጡ፣ ከፈለጉ ይናገሩ። መምህራኑ ሲከራከሩ እሳቸው በአንድ ቃል የሚያስቆሟቸው ቦታ እንዳለ በበኩሌ አልጠራጠርም።

ማኅበሩን በሙሉ ለመርዳት ከፈለግሽ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ አንዳንድ ቅዳሜ ሁላችሁም በአንድ ላይ የምታነቡት አጭር ነገር ይኑራችሁ። ተመስገን ገብሬም የጎጃም ሰው ናቸው፤ በ1941 ዓ.ም. የታተመችው «የጉለሌው ሰካራም» በአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ታሪክ ፊት ላይ ከሚጠሩት አንዷ ናት። እሷን የመሰለ አጭር ታሪክ እየተቀባበላችሁ ብታነቡ ቶናውም በረካውም ሳያልቅ ትጨርሱታላችሁ። ያን ቀን ፈጣን አንባቢና ዘገምተኛ አንባቢ የሚባል የለም፤ ማንም ከማንም አልቀደመም። እናንተን ቡሬ የሚያደርስ ጉዳይ ካገኛችሁም ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብላችሁ ማንኩሳ ላይ ውረዱ፤ የበዛብህን የትውልድ ቦታ መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ማለፍ ለመጽሐፍ ወዳጆች አይመጥንም።

መጨረሻውን የሚናገረው መምህር ክፉ ሰው አይመስለኝም። ያነበበውን ለብቻው መያዝ የከበደው ነው፤ በዚያ ላይ መምህር ነው፣ መልሱን አለመናገር ሥራው አይደለም። አኩርፈሽ አይገባውም። «ጋሽዬ፣ እኔ ገጽ 112 ላይ ነኝ፤ ከእሱ ወዲህ ያለውን ሁሉ ንገረኝ፣ ከእሱ ወዲያ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ» በይው፤ በሰው ፊት፣ እየሳቅሽ። ገጹን ካልነገርሽው ግን የት ላይ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል? ደግሞ መጨረሻው ሲነገር የሚሞት መጽሐፍ አለ፣ የማይሞትም አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፎ የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ሰው ግን እያወቀ ያነበዋል፣ እያወቀ ያለቅሳል። የወንጀሉን ልብ ወለድ ግን ከመምህሩ ደብቂው።

ከማኅበሩ ልውጣ ወይ ላልሽው፣ አትውጪ። እውነቱን ተናግረሽ፣ ሁለት ሦስት ቅዳሜ በገጽ እያወራሽ ቆይተሽ፣ አሁንም ሆድሽን የሚቆርጥሽ ከሆነ ያን ጊዜ ጻፊልኝና እንነጋገራለን።

የሁለቱ መጻሕፍት ጉዳይ ቀላል ነው። ከቡናው ቀን በፊት ደውለሽ «ያቺን መጽሐፍ ደግሜ ላያት ፈልጌ ነበር፤ ቅዳሜ ስትመጡ ይዛችሁልኝ ኑ» በያቸው። «ለምን አልመለሳችሁም» አትበይ። ካልጨረሷት እስከየት እንደደረሱ ጠይቂያቸውና ለሌላ አንድ ወር ተያቸው፤ ካልጀመሯት ግን ተቀበያቸው። ከእንግዲህ ወዲህ ደግሞ ደብተር ያዢ፤ መጽሐፍ ስታውሺ የወሳጁን ስምና ቀኑን እሱ ፊት ጻፊው።